የሃርቨስት ሆም ሴቶችና «ቡዳ» የሚለው ስም

ኤንቢሲ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1978 መጀመሪያ ላይ በሁለት ምሽት ከፍሎ ያሳየው «ዘ ዳርክ ሲክሬት ኦቭ ሃርቨስት ሆም» የተባለ አስፈሪ ፊልም፣ በቶማስ ትራየን የ1973 ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ የኒውዮርክን ኑሮ ጥሎ ኮርንዎል ኩም ወደምትባል የበቆሎ ገበሬዎች መንደር ከነቤተሰቡ የገባ ሠዓሊ የሚደርስበትን ይተርካል። ቤቲ ዴቪስ ሆና የምትጫወታቸው መበለት ፎርቹን ለመንደሩ ሐኪምም፣ አዋላጅም፣ መካሪም ናቸው፤ የመከሩን በረከት የሚጠብቀው የሴቶቹ ምሥጢር ግን የሚገለጠው ዘግይቶ ነው፤ ምሥጢሩን ያየው ሠዓሊም ዓይኑን ያጣል።

ፈረንሳይኛ፣ ዐረብኛ፣ ሶማሊኛ፣ አፋርኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩባት በጅቡቲ ከተማ ይህን ፊልም ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስረዳ ሰው ገና ከሴቶቹ መጠሪያ ይቸገራል። ፈረንሳይኛው «ሶርሲየር» ብሎ ያልፋል። አማርኛው «ጠንቋይ» ቢል ግን ይስታል፤ ምክንያቱም ጠንቋይ የጠፋ ዕቃ ወይም የበሽታ መነሻ ለማወቅ የሚፈልግ ሁሉ ገንዘብ ይዞ ደጁን የሚጠናው፣ ሥራው የታወቀ ሰው ነው። ለፊልሙ ሴቶች የሚቀርበው «ቡዳ» ነው፤ ይኸውም ኃይሉን በዘር ወርሶ በዓይኑ ሰው «ይበላል»፣ ሌሊትም ጅብ ሆኖ ይወጣል ተብሎ የሚታመንበት ሰው ማለት ነው፤ በተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ የአንጥረኛ ጉትቻ ተገኘ የሚለው ወሬም ከዚሁ እምነት የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ቃሉ በተገኘበት ቦታ ታሪኩ ይገለበጣል። በፊልሙ ጥፋተኛው መንደሩ ሲሆን ተጠቂው ከውጭ የመጣው እንግዳ ነው፤ በቡዳ እምነት ግን ተጠቂ ነኝ የሚለው መንደሩ ሲሆን የሚከሰሱት ጥቂቶቹ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና በጎንደር አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው፤ ማረሻውንና ጀበናውን ሠርተው የሚሰጡት እነዚሁ መሆናቸው ጉዳዩን ይበልጥ ያሳዝነዋል። የክሱ ማስረጃ የሚገኘው ከታማሚው አፍ ነው፤ ተበልቷል የተባለው ሰው ጭስ ሲታጠን «ይለፈልፋል»፣ ማለትም የበላውን ሰው ስም ይጠራል፤ ስሟ የተጠራው ሴትም የምትከራከርበት ዳኛ የላትም።

እነዚህ ባለሙያዎች የሚጠሩበት «ጠይብ» የሚለው ስድብ ራሱ የመጣው ጥበብን ከሚያመለክተው «ጠቢብ» ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን ቢከለክሉም ፍርሃቱ ከአዋጁ በኋላም ኖሯል።

ተመሳሳይ ሥርዓት በሶማሌዎችም ዘንድ ይታያል፤ ብረት ሠሪዎቹ ቱማል በጋብቻ ይገለላሉ፣ ይብር የሚባሉት ደግሞ በእርግማናቸው ይፈራሉ። ልጅ ሲወለድና ሰርግ ሲኖር ለይብሮች «ሰመንዮ» የሚባል ስጦታ ይሰጣል፤ አፈ ታሪኩ ይህን በአንድ ሼኽ እጅ የሞተ አባታቸው የደም ካሳ ነው ይላል። በዚህ አፈ ታሪክ ውስጥ የሚፈራው ወገን መጀመሪያ የተገደለው ወገን መሆኑ ከኮርንዎል ኩም ታሪክ ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ ይመስላል።

በዚህ አካባቢ እንዲህ ያለ የቴሌቪዥን ፊልም የሚሠራ ሰው ቢነሣ፣ ካሜራው መቆም ያለበት ከታማሚው አልጋ አጠገብ ሳይሆን በሸክላ ሠሪዋ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ከጎረቤት ቤት የጭሱ ሽታ ሲመጣ፣ እጇን ከጭቃው ሳታወጣ የማን ስም እንደሚጠራ በምታዳምጥበት ሰዓት።