ሕመምና ተሰጥኦ በአንድ ቤተሰብ፦ ጥናቶች ስለ ዘር ምን ይላሉ?

በብዙ አካባቢዎች ለጋብቻ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ይጠየቃል። በዚህ ጊዜ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ በቤተሰቡ የአዕምሮ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ? የሚለው ነው። መልሱ «አዎ» ከሆነ ጤነኛዋ እኅት ትዳሯ ሊቀር፣ ጤነኛው ወንድምም ሊታማ ይችላል። ይህን የሚፈሩ ቤተሰቦች ታማሚውን ከሰው ዓይን ይሰውሩታል፤ ሕክምናውም በዚያው ይዘገያል።

ፍርሃቱ ያለምክንያት አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት 178 የታማሚ ቤተሰቦችን ጠይቆ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 75 በመቶ የሚሆኑት በዘመዳቸው ሕመም ምክንያት መገለል እንደሚደርስባቸው ተናግረዋል። ለመሆኑ ሕመም ያለበት ቤተሰብ ከሕመሙ በቀር የሚያወርሰው ነገር የለምን?

ይህን ጥያቄ በስፋት ከመረመሩት መካከል በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት 300 ሺህ ያህል ታማሚዎችንና ዘመዶቻቸውን የተመለከተ ነው። ጥናቱ በስኪዞፍሬንያ ወይም ባይፖላር በሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም የተያዙ ሰዎች ጤነኛ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በሳይንስና በኪነ ጥበብ ሙያዎች በብዛት እንደሚገኙ አሳይቷል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተው ቀጣዩ ጥናትም ይህንኑ አጠናክሯል።

ከዚህ ግኝት ጋር አብሮ መነበብ ያለበት ሌላም ነጥብ አለ። በቀጣዩ ጥናት እንደታየው ከባይፖላር በስተቀር፣ በፈጠራ ሙያ የተሰማሩ ሰዎች በጥቅሉ ከሌላው ሰው ይልቅ ለአዕምሮ ሕመም የተጋለጡ አይደሉም። ደራሲያን ግን ከዚህ የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ለበርካታ የአዕምሮ ሕመሞችና ራስን ለማጥፋት ያላቸው ተጋላጭነት ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ «ዕብደት የጥበብ ምንጭ ነው» የሚለው አባባል በጥናት የተደገፈ አይደለም። ተሰጥኦው በጉልህ የታየው ሕመሙ ባልደረሰባቸው የቅርብ ዘመዶች ላይ ነው።

የታላቁ የፊዚክስ ሊቅ አልበርት አንስታይን ቤተሰብ ለዚህ በምሳሌነት ይነሳል። ሁለተኛ ወንድ ልጁ ኤድዋርድ ሙዚቃና ግጥም የሚወድ የሕክምና ተማሪ ነበር። በ20 ዓመቱ ገደማ ግን ስኪዞፍሬንያ እንዳለበት ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዙሪክ በሚገኝ የአዕምሮ ሕክምና ተቋም ሕይወቱ አለፈ። የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም ሊቅነትና ሕመም በአንድ ጣሪያ ሥር ሊኖሩ እንደሚችሉ ያሳያል።

ተመራማሪዎች ግንኙነቱን ለማስረዳት ከሚያቀርቧቸው ሐሳቦች አንዱን በወንፊት መመሰል ይቻላል። የሰው አዕምሮ ከሚያየውና ከሚሰማው ውስጥ አላስፈላጊውን እያጣራ ያስቀራል። ወንፊቱ ሰፋ ያለ ከሆነ ሌላው ያላስተዋለው ሐሳብ ያልፋል፤ ይህም ለፈጠራ ይረዳል። ከልክ በላይ ሲሰፋ ግን አዕምሮ የሚገባውን ሁሉ ማስተናገድ ያቅተዋል። ገበሬው ይህን ከማሳው ያውቀዋል፤ በልኩ የተጨመረ ማዳበሪያ ጤፉን ያሳምረዋል፣ ሲበዛ ግን ያጋሽበዋል።

ለሕመሙ የሚያጋልጡት ዘረመሎች በርካታ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ያላቸው ድርሻም አነስተኛ ነው። ከዘር በተጨማሪ የአስተዳደግ ችግር፣ ከባድ ጭንቀትና አደንዛዥ ዕፅ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። በስኪዞፍሬንያ የታመመ ወንድም ወይም እኅት ካላቸው 100 ሰዎች መካከል 90 የሚሆኑት በሕመሙ አይያዙም። ተጋላጭነታቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ በአንድ ሰው ሕመም ምክንያት መላውን ቤተሰብ ከጋብቻ ማግለል ግን በዚህ ቁጥር የሚደገፍ አይደለም።

ተሰጥኦን ከሕመም ጋር የሚያያይዙ አንዳንድ ሰዎች ደግሞ መድኃኒት ችሎታን ያጠፋል ብለው ይሰጋሉ። የዴንማርኩ የአዕምሮ ሐኪም ሞገንስ ሹ የገዛ ወንድሙ በሚመላለስ የድባቴ ሕመም ይሠቃይ ስለነበር ሊቲየም በተባለው መድኃኒት ላይ ረጅም ዘመን ተመራመረ። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ጥናት መድኃኒቱን የሚወስዱ 24 የኪነ ጥበብ ሰዎችን ጠየቀ። 12ቱ የሥራ ውጤታቸው እንደጨመረ፣ 6ቱ እንዳልተለወጠ፣ 6ቱ ደግሞ እንደቀነሰ ገለጹ። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት ቢሆኑም፣ ሕክምና ተሰጥኦን የግድ ያጠፋል የሚለው ስጋት ትክክል አለመሆኑን ያመለክታል።

የቤተሰብ አባል ለቀናት እንቅልፍ ካጣ፣ ከልክ ያለፈ ደስታ ወይም ኀዘን ከታየበት፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማ ወይም ከሰው ከተገለለ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል። ስለ መሞት ወይም ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ብቻውን ሳይተዉ በአስቸኳይ ማድረስ ይገባል። ጸበል የሚወስዱ ቤተሰቦችም መድኃኒቱን ማቋረጥ የለባቸውም፤ ማሰርና መደበቅ ግን ሕመሙን ከማባባስ በቀር ጥቅም የላቸውም።

ዘር መቁጠር ነባር ልማድ ነውና ነገም ይቀጥላል። ሽማግሌዎች በአንድ ቤት የታመመ ሰው እንዳለ ሲሰሙ «ይታከማል ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ግን ታማሚው የሚደበቅበት ምክንያት ይቀንሳል፤ ጤነኛ ወንድሞቹና እኅቶቹም በራሳቸው ማንነት ይመዘናሉ።