ተጨማሪ መረጃ፦ ስንናደድ ሰውነታችን ውስጥ ምን ይከናወናል?

ታናሽ ወንድማችሁ የቤት ሥራ የሠራችሁበትን ደብተር ቀዶ ቢጠብቃችሁ ፊታችሁ ይግላል፤ ልባችሁም ድው ድው ይላል። ይህ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን ሥራ ነው።

በጉርምስና ዕድሜ ስሜትን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ ፈጥኖ ይነሣል። መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን እድገቱን የሚጨርሰው በ25 ዓመት ገደማ ነው። ጠዋት ስቃችሁ ከሰዓት ብታኮርፉ አይግረማችሁ።

ቁጣን መግራት ግን በልምምድ ይመጣል። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አየር በአፍንጫ ሳቡ፤ ከሳባችሁበት ረዘም አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። አምስት ጊዜ ደጋግሙት፤ የልብ ምታችሁ ይረግባል። «አሁን ተናድጃለሁ፤ ቆይተን እንነጋገር» ማለትም ሽንፈት አይደለም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና።