ጣቢያው ከሐረር ሲርቅ ገበያውም ራቀ

ከሐኪም ጋራ ላይ ሆኖ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው ሐረር ሙሉዋን ትታያለች። የጀጎል ግንብ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮችና ከሸዋ በር ወዲያ የተዘረጋው ከተማ በዓይን ይለያሉ። የማይታየው የባቡር ጣቢያ ነው። ለብዙ ዘመን የምሥራቁ ንግድ መናኸሪያ ለነበረችው ሐረር ሐዲድ ሳይደርስላት ቀርቷል። ነገሩ የታሪክ አጋጣሚ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ገበያ የት እንደሚቆምና ለምን ከቦታው እንደሚነሳ የሚያሳይ የሂሳብ ጉዳይ ነው።

ውሉ ሐረርን ይጠራ ነበር

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት ውል መስመሩን በሦስት ይከፍለው ነበር። አንደኛው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ነው። በውሉ መሠረት ሐረር የመጀመሪያው ምዕራፍ መድረሻ ነበረች። ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ።

ይሁን እንጂ ሐዲዱ ተራራው ሥር ሲደርስ ሂሳቡ ተለወጠ። ድሬዳዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ በሐሮማያ በኩል ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል። ባቡር እንደ በቅሎ ዳገት አይወጣም። በየ1,000 ሜትሩ 25 ሜትር ብቻ ከፍ ይላል ብንል እንኳ፣ 800 ሜትር ለመውጣት 32 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ሐዲድ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ የድንጋይ ቆረጣው፣ ድልድዩና ዘወትር ዳገት የሚወጣ ባቡር የሚፈጀው ነዳጅ ይታከላል። ገንዘብ ያጠረው ኩባንያ ይህን ወጪ መሸከም ስላልቻለ መስመሩ የተራራውን ግርጌ ይዞ እንዲያልፍ ተወሰነ። በመሆኑም ባቡሩ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ቆመ። ኩባንያው ለአዲሱ ሰፈር መጀመሪያ የሰጠው ስም «አዲስ ሐረር» የሚል ነበር፤ ድሬዳዋ የሚለው ስም የጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

የጄልዴሳ ዕጣ

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከባቡሩ በፊት ከዘይላ የሚመጣው ሲራራ ሸቀጡን በግመል ጭኖ በረሃውን ያቋርጥና ጄልዴሳ ላይ ያራግፍ ነበር። ከዚያ ወደ ሐረር የሚያወጡት በቅሎና አህያ ናቸው። የቆላው ግመልና የደጋው አጋሰስ የሚገናኙት እዚያ በመሆኑ፣ ጄልዴሳ ከአንዱ ጭነት ወደ ሌላው በሚደረገው ዝውውር ትተዳደር ነበር። ባለግመሉ፣ ባለበቅሎው፣ ጫኚውና ደላላው ሁሉ እንጀራቸው ከዚያው ነው።

ባቡሩ ይህን የዝውውር ቦታ ነቅሎ ድሬዳዋ ተከለው። ጄልዴሳ ወዲያው ተዘነጋች። ሐረርም የአስተዳደርና የእምነት ማዕከልነቷን ይዛ ብትቀጥልም፣ የውጭ ንግዱ ቁልፍ ግን ከእጇ ወጣ።

የድሬዳዋን ዕድል ያሰፋው ሌላው ነገር የግንባታው መቋረጥ ነው። ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የገባው ስምምነት መስመሩን በፓሪስ ቁጥጥር ሥር የሚያደርግ መሆኑን ምኒልክ ሲረዱ፣ ሥራው ወደ ፊት እንዲቀጥል አልፈቀዱም። ኩባንያውም ከሠረ። በ1900 ዓ.ም. ለአዲስ ኩባንያ ውል ተሰጥቶ ግንባታው ከቀጠለ በኋላ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሥራው ተቋርጦ በቆየባቸው ዓመታት ወደ መሐል አገር የሚገባውና ከመሐል አገር የሚወጣው የባቡር ዕቃ ድሬዳዋ ላይ መራገፍና እንደገና መጫን ነበረበት። ከተማዋን ከተማ ያደረጋት ይህ የመጨረሻ ጣቢያነት ነው።

ሁለት ጣቢያ፣ ሁለት ዓላማ

የጣቢያዎቹ አሠራርም ይህንኑ ይናገራል። ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባው ለገሃር ዛሬ ቸርችል በሚባለው ጎዳና ግርጌ ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ የቆመ፣ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ የድንጋይ ሕንፃ ነው። ወደ መናገሻ ከተማ የሚገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚያየው እርሱን ስለነበር፣ ለገጽታ ታስቦ የተሠራ በር ነው።

የድሬዳዋው ጣቢያ ግን የሥራ ቤት ነው። ከጣቢያው ጋር የባቡር መጠገኛ ወርክሾፕና መጋዘኖች ተሠሩ። ከፊቱ ባለው አደባባይ ተነስተው የከዚራ መንገዶች እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። ቀጥ ያሉት መንገዶች፣ የዛፉ ጥላና በረንዳ ያላቸው ቤቶች የኩባንያው ፕላን ውጤቶች ናቸው። ከደቻቱ ወዲያ ማዶ ደግሞ የመጋላ ገበያ አለ። ባጭሩ ከተማው የተሠራው ጣቢያውን ተከትሎ ነው። በሐረር ነገሩ ሌላ ነበር፤ የጀጎል በሮች ራሳቸው የሲራራው መድረሻ ስለነበሩ ገበያውም በየበሩ ሥር ቆሟል።

የጣቢያው ጉልበት ከሁሉ ይበልጥ በቡና ታይቷል። ቡናው የሚጠራው በሐረር ስም ሆኖ ሳለ፣ በ2001 ዓ.ም. ግብይቱ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ እስኪዞር ድረስ ለጨረታ የሚቀርበው ድሬዳዋ ላይ ነበር። ስሙ ከደጋ ቀርቶ ዋጋው ቆላ ወረደ ማለት ነው።

ሐረር ከባቡሩ መቅረት ምንም አላተረፈችም ማለት ግን አይቻልም። ሐዲድና መጋዘን ያልነካው ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ይህም ለቱሪዝም ገንዘቡን ለሚያውል ሰው ቀላል ሀብት አይደለም።

አሁንስ?

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀምሯል። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1,000 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአዲሱ 1,435 ነው። ስለዚህ ባቡሮቹ በአንድ ሐዲድ ሊሄዱ አይችሉም። አዲሱ የድሬዳዋ ጣቢያ የተሠራው ከከዚራ ርቆ ከከተማው ውጭ ሲሆን፣ ሐረር ዛሬም ከመስመሩ ውጭ ናት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ዛሬ ጅቡቲ ላይ የተጫነ ኮንቴይነር ድሬዳዋ ላይ ሳይራገፍ በቀጥታ አዲስ አበባ አጠገብ እንዶዴ ሊደርስ ይችላል። ድሬዳዋ የመጨረሻ ጣቢያ መሆኗ ቀርቶ የመንገድ ላይ ጣቢያ ሆናለች። ጄልዴሳን ያደረቀው ምክንያት ድሬዳዋንም ሊያሰጋት ይችላል ማለት ነው። ደረቅ ወደቡና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና መታየት ያለባቸው በዚህ ዓይን ነው። ሁለቱም ባቡሩ ድሬዳዋን ዝም ብሎ እንዳያልፍ፣ ዕቃው እዚያ ወርዶ እንዲከማች፣ እንዲቀናበርና እንዲሸጥ ምክንያት ለመፍጠር የተደረጉ ጥረቶች ናቸው።

በዚህ አካባቢ መጋዘን ለመሥራት፣ መሬት ለመያዝ ወይም የማጓጓዣ ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ባለሀብት ሐዲዱ በየት እንደሚያልፍ ማወቁ ብቻ አይበቃውም። ዕቃው የት ወርዶ ከምን ወደ ምን እንደሚዛወር፣ እዚያስ ስንት ቀን እንደሚቆይ ማጣራት ይኖርበታል።