የኢንተርኔት ፍጥነት የሚለካው ከላኪው ቤት ነው

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ቤት ኢንተርኔት በተነገረ ቁጥር የሚነሣው የቁጥር ነገር ነው። አንዱ ዐሥር ሜጋ ገባልኝ ሲል፥ ሌላው ሃያ አስገባሁ ይላል። እኔም ከመቱ ወዲያ በምትገኘው በትንሿ ከተማ በኡካ ሆኜ በዚሁ ጉዳይ የታየኝን ጥቂት ሐሳብ በአንባብያን ዓምድ እንድታወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ከቤቱ ሆኖ ለመገናኘት የሚፈልግ ሰው የስልኩን ገመድ ከሞደም ጋራ ያያይዛል፤ ሞደሙም ቁጥሩን ደውሎ፥ ጥቂት ጮኾ መስመሩን ይይዛል። መስመሩ እስኪለቀቅ ድረስ ወደዚያ ቤት ስልክ ቢደወል አይገባም። ሒሳቡ በጊዜ ይቈጠር ስለ ነበር፥ ብልህ የሆነ ሰው ደብዳቤውን አስቀድሞ ጽፎ ይጨርስና ገብቶ ልኮ ወዲያው ይወጣ ነበር።

ያ ሞደም ቢበረታ ቢበረታ በሰከንድ የሚቀበለው 56 ኪሎ ቢት ነው። ምክንያቱም የሚጓዘው ለሰው ድምፅ በተሰጠው ጠባብ መንገድ ብቻ ስለ ነበር ነው። እንግዲህ 5 ሜጋ ባይት የሆነ ሰነድ ለመቀበል 12 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ለመላክ ግን አብዛኛው ሞደም ከ33.6 ኪሎ ቢት ስለማያልፍ 20 ደቂቃ ያህል ይወስድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኤዲኤስኤል የሚባለው መጣ። እርሱም በዚያው የስልክ ገመድ ላይ ከሰው ድምፅ በላይ ያለውን ሞገድ ስለሚጠቀም፥ ስልኩና ኢንተርኔቱ ሳይጋጩ ባንድነት መሥራት ቻሉ። ቀጥሎም ብርሃንን በቀጭን መስታወት ውስጥ የሚያስኬደው ፋይበር ደረሰ። በእጅ ስልክም በኩል በ2007 ዓ.ም. አራተኛው ትውልድ፥ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አምስተኛው ትውልድ በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛ አገልግሎት ሰጪ ሆኖ ሥራውን ጀመረ። ያ 12 ደቂቃ የፈጀው ሰነድ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት በሚያሳልፍ መስመር በ4 ሰከንድ ይገባል። ይህም ከ170 እጥፍ በላይ ነውና ዕድገቱን የሚክድ ሰው አይኖርም። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ሻጭ ፍጥነትን የሚናገረው በቢት ሲሆን ሰነድ የሚመዘነው ግን በባይት ነው፤ አንዱ ባይትም 8 ቢት ነው። ስለዚህ ዐሥር ሜጋ የገዛ ሰው ዐሥር ሜጋ ባይት ባንድ ሰከንድ ካልወረደልኝ ብሎ ቢጣላ፥ ጥፋቱ የስሌቱ ነው።

እንደ ኡካ ባለች ከተማ ግን የብዙው ሰው የቤት ኢንተርኔት በኪሱ የያዘው ስልክ ነው። ማማው የሚያሳልፈውን ፍጥነት በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ይካፈለዋል። ስለዚህ ማታ ሰው ሁሉ ከሥራ ሲገባ ይዘገያል፤ ሌሊት ይፈጥናል። መብራት ከጠፋና የማማው ባትሪ ካለቀ ደግሞ ጨርሶ ዝም ይላል። ለመላክም ብዙውን ጊዜ ከመቀበል ይልቅ የዘገየ ነው።

ይህን ለማንሣት ያስገደደኝ የእኅቴ ልጅ ጉዳይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማስታወቂያ አውጥቶ ማመልከቻ የምቀበለው በኢንተርኔት ብቻ ነው አለ። ልጁ የትምህርት ማስረጃውን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ሁለት ሌሊት ሙሉ ሞከረ። «አጎቴ፥ ዘጠና ደርሶ ቆመ» ይለኛል፤ በተቋረጠ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ነው። በመጨረሻው ቀን መብራት ጠፋ፤ መኪና ተሳፍሮ መቱ ሲደርስ ማመልከቻው ተዘግቶ ነበር። አራት ዓመት የተማረ ልጅ ከውድድሩ የቀረው በዕውቀት ተበልጦ አይደለም።

ቀድሞ ማመልከቻ በፖስታ ሲላክ ቢዘገይም እንኳ በቴምብሩ ላይ የተመታው ማኅተም የተላከበትን ቀን ይመሰክር ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሰነዱ የደረሰበትን ሰዓት ብቻ ነው። ልጁ ሁለት ሌሊት እንደ ደከመ የሚመሰክርለት አንድም ማኅተም የለም።

መብራትና መስመር በየጊዜው እንዲሻሻሉ መጠየቃችን ተገቢ ነው። ነገር ግን እኛም የመንግሥት ሠራተኞች ዛሬውኑ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ቅጹን የምናዘጋጀው ፋይበር በገባበት ቢሮ ተቀምጠን ስለሆነ፥ የኡካው ላኪ አይታየንም። አንደኛ፥ ለአንድ ገጽ ማስረጃ 3 ሜጋ ባይት ፎቶግራፍ ከመቀበል ይልቅ 200 ኪሎ ባይት ከበቃ፥ ቅጹ ራሱ ያንን ይጠይቅ። ሁለተኛ፥ የተቋረጠው ከቆመበት እንዲቀጥል ሆኖ ይሠራ። ሦስተኛ፥ መስመር በጠፋ ጊዜ አመልካቹ ማስረጃውን ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀብሎ ያስረክብ፤ ደረሰኙም እንደ ድሮው የፖስታ ማኅተም ይታመንለት። ይህ ሦስተኛው ለመንግሥት የሚያስወጣው ገንዘብ የወረቀትና የቀለም ዋጋ ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ 4 ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ በኡካ ሁለት ሌሊት ከፈጀ፥ ቅጹን የሚያወጣ ሰው ቀነ ገደቡን መቍጠር ያለበት በኡካው ሰዓት ነው። የሚመለከታችሁ ወንድሞችና እኅቶች የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ከመፈረማችሁ በፊት ይህንን እንድታስቡልን አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋራ፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከኡካ፥ ኢሉባቦር