የቤት እርጥበትና ሻጋታ፤ ስለ አየር መግቢያና መውጫ አመራረጥ

ንጹሕ ውሃና ንጹሕ ምግብ ለጤና እንደሚያስፈልጉ ሁሉ ንጹሕ አየርም ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ውሃውን አፍልተን፥ ምግቡን ከድነን የምንጠነቀቅ ሰዎች በቤታችን ስለምንተነፍሰው አየር እምብዛም አናስብም። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ናት። በዚህችና በመላው የላስታ ደጋ የሌሊቱ ብርድ ስለሚያስፈራ፥ ከምሽት ጀምሮ በርና መስኮት ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል፤ የቀረችውም ቀዳዳ በጨርቅ ትወተፋለች። በሐምሌና በነሐሴ ግድግዳው ሲረጥብ፥ በሣጥን ያለው ልብስና መጽሐፍ ሲሻግት፥ ጥፋቱ ሁሉ የዝናቡ ነው ይባላል። ነገሩ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም።

አየር የሚሸከመው የውሃ እንፋሎት እንደ ሙቀቱ መጠን ነው። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ያህል እንፋሎት ይይዛል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን መያዝ የሚችለው ከ9 ግራም እምብዛም አይበልጥም። የተረፈው ወደ ውሃነት ተለውጦ በቀዘቀዘው ነገር ላይ ያርፋል። እንፋሎቱም በብዛት የሚመጣው ከእኛው ነው። አንድ የተኛ ሰው በትንፋሹና በላቡ በሰዓት ወደ 40 ግራም ውሃ ያወጣል፤ ስለዚህ ስድስት ሰዎች በአንድ ክፍል ስምንት ሰዓት ቢተኙ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ውሃ ወደ አየሩ ይገባል። እሳትም መውጫ በሌለው ቤት ብዙዎች እንደሚያስቡት እርጥበትን አያጠፋም፤ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ሲነድ ግማሽ ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣልና።

የላስታ የቀድሞ ቤት ከድንጋይና ከጭቃ ክብ ሆኖ፥ አንዳንዱም ባለ ሁለት ደርብ ሆኖ ተሠርቶ በሣር ይከደናል። የሣር ክዳን ሙቀትን ይጠብቃል፤ በሣሩም መካከል ጢሱና እንፋሎቱ ቀስ በቀስ ያልፋል። ቆርቆሮ ዝናብን ይከላከላል፥ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ነገር ግን ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፥ አየርም አያሳልፍም። ስለዚህ ንጋት ላይ ከሥሩ ላብ ያወጣል፤ ጠብታውም በመኝታና በእህል ላይ ይወርዳል። ቆርቆሮ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ሣሩ በራሱ ይሰጥ የነበረውን የአየር መውጫ፥ ቆርቆሮ የከደነ ሰው ዐውቆ ሊሠራው ይገባል ማለታችን ነው።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ሻጋታ አስም ያለበትን ሰው ያስጨንቃል፥ ሳልን ያባብሳል፥ እህልንም ይመርዛል። የታፈነ ጢስ የእናቶችን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፥ ሕፃናትንም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። የሳንባ ነቀርሳም አየር በማይለወጥበት ክፍል ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፋል።

መድኃኒቱን ከመምረጥ አስቀድሞ ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል። እርጥበቱ ከግድግዳው ግርጌ የሚጀምር ከሆነ ከመሬት የሚመጣ ነውና በቤቱ ዙሪያ ቦይ ይቆፈር። ዝናብ በዘነበ ቁጥር የሚሰፋ ምልክት ከሆነ ክዳኑ ይጠገን። ዝናብ ባልዘነበበት ማለዳ ቆርቆሮውና የመስኮቱ መስተዋት ላብ ካወጡ ግን የጎደለው የአየር መተላለፊያ ነው። እርሱም እንዲህ ይመረጥ፤

1ኛ/ አንድ መስኮት ብቻ አይበቃም። ሞቃት አየር ሽቅብ ስለሚወጣ፥ መግቢያው ዝቅ ብሎ፥ መውጫው ከጣሪያው ሥር ከፍ ብሎ በትይዩ ግድግዳ ላይ ይሁን።

2ኛ/ የላይኛው መውጫ ስንዝር በስንዝር ያህል ሆኖ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን፤ ሌሊትም አይዘጋ።

3ኛ/ ማድ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ይለይ፤ ይህ ካልተቻለ ከምድጃው በላይ የጢስ መውጫ ይሠራ።

4ኛ/ በቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይሠራ፤ በሁለቱም መካከል አየር እንዲመላለስ በጫፍና በጫፉ ክፍተት ይተው።

5ኛ/ አልጋ፥ ሣጥንና ጎታ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቁ። የሻገተው ግድግዳ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ኖራ ይቀባ።

6ኛ/ በየማለዳው በርና መስኮት ለሩብ ሰዓት ያህል ወለል ተደርገው ይከፈቱ።

«ነፋስ ይመታናል» የሚለው ስጋት በብዙዎቻችን ዘንድ አለ። መውጫው ከተኛው ሰው ራስ በላይ ከፍ ካለ ግን ነፋሱ ሰውነትን አያገኝም። «በክረምት የውጪው አየር ራሱ እርጥብ ነው» የሚልም አይጠፋም፤ ነገር ግን ቀዝቃዛው አየር ገብቶ ሲሞቅ ተጨማሪ እንፋሎት ለመሸከም ይችላል፥ ሲወጣም ይዞት ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። የከሰል ማንደጃ በመኝታ ክፍል አያድር። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳይነቃ ሊገድለው ይችላል። የአየር መውጫ አለኝ ብሎም መድፈር አይገባም።

መምህራንም በየዕረፍቱ ሰዓት የክፍሉን መስኮቶች በሁለቱም ወገን ቢያስከፍቱ፥ ልጆቹ በትምህርት ቤት ያዩትን ወደየቤታቸው ይወስዱታል። ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ማስተዋልና የዘወትር ልማድ ይበቃል።