ማረሻ የሠራ እጅ

የምኖርበት የቶሮንቶው ክሬሰንት ታውን ፎቆች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት የማሲ ቤተሰብ የዴንቶኒያ እርሻ በነበረ መሬት ላይ ነው። ማሲ ማለት እኛም የምናውቀው የማሲ ፈርጉሰን ትራክተር ስም ነው። ዳንኤል ማሲ እ.ኤ.አ. በ1847 የእርሻ መሣሪያ መሥራት ጀመረ፤ ልጁ ሐርት አስፋፋው፤ የሐርት የልጅ ልጅ ቪንሰንት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1959 የካናዳ ጠቅላይ ገዥ ሆነ። ብረት መሬት አስገዛቸው፣ መሬትም ክብር ጨመረላቸው። (በርግጥ መሬቱ ለነጭ ሰፋሪ የተመቻቸው የአገሬው ተወላጆች ከተገፉ በኋላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።)

ለመሆኑ ማረሻና ወገል የሚሠራው የእኛ ቀጥቃጭ ምን አገኘ? ቡዳ ተባለ። ገበሬው ማረሻውን ከእርሱ ይወስዳል፣ ልጁን ግን አይድርለትም።

ብዙዎቻችን ይህን የዘር ነገር አድርገን እንወስደዋለን። እኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከርስት ነው እላለሁ። የጎንደርን ቤተ እስራኤል እንመልከት። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ይስሐቅ ዘመን ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ መደረጉን ትውፊት ይናገራል። ርስት ያጣ ሰው ወይ ጭሰኛ ይሆናል፣ ወይ መሬት የማይጠይቅ ሙያ ይይዛል። ስለዚህ ወንዱ ወናፍና መዶሻ፣ ሴቷ ሸክላ ያዙ። ከትውልድ በኋላ ምክንያቱ ተረሳና ሙያው ራሱ ዘር ሆነ። በመሐንዲስ ዓይን ሳየው ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ሙያው ከአንድ ቤት ስለማይወጣ ዕውቀቱ አይስፋፋም፣ ትርፉም መሬት ስለማይገዛ አይጠራቀምም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። የየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ርስትንም ጭሰኝነትንም አስቀረ። ቤተ እስራኤሎች ግን እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ዘመቻዎች በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ብረቱን ማን ይቀጥቅጥ ብሎ የጠየቀ መኖሩን እንጃ።

ባለፈው ዓመት እዚሁ ክሬሰንት ታውን ለሽምግልና ተልኬ ነበር። ልጁ እንደ እኔ መካኒካል መሐንዲስ ነው፣ ጥሩ ሥራም አለው። የልጅቱ አባት ቡናውን ፉት ካሉ በኋላ ስለ ምሕንድስናው አልጠየቁንም።

«ለመሆኑ አያቱ ምን ነበር የሚሠሩት?» አሉ።