ቀርከሃን አውቀን እንቁረጥ

ቀርከሃ ዛፍ ነው ወይስ ሣር? ቁመቱን ያየ ሰው ዛፍ ነው ይል ይሆናል። ነገር ግን ቀርከሃ የሣር ዘመድ ነው። ጤፍ፣ ገብስ፣ ማሽላና ሸንኮራ አገዳ ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። አንድ የገብስ አገዳ ወስደን እንመልከት። አንጓ አለው፤ በአንጓና በአንጓ መካከል ውስጡ ክፍት ነው። የደጋው ቀርከሃም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ትልቅና ጠንካራ መሆኑ ነው።

በአገራችን ሁለት ዓይነት የቀርከሃ ዘር በተፈጥሮ ይበቅላል። አንደኛው የደጋ ቀርከሃ ነው። ይህ በአዊ፣ በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጨንቻና በማሻ ይገኛል። ረጅም ነው፤ ውስጡም ክፍት ነው። ሁለተኛው የቆላ ቀርከሃ ሲሆን ሽመል ይባላል። በመተከልና በአሶሳ በብዛት ይበቅላል። ከደጋው ያጥራል፤ ግን ውስጡ ድፍን ስለሆነ በጣም ጠንካራ ነው።

የቀርከሃ ጥቅም ብዙ ነው። ቤት ይሠራበታል፤ አጥር ይታጠርበታል። ቀፎ፣ ቅርጫት፣ ምንጣፍ፣ ወንበርና አልጋ ይሆናል። ቅጠሉን ከብት ይበላዋል። ሥሩ አፈርን አጥብቆ ስለሚይዝ ጎርፍ ገደልና ወንዝ ዳር እንዳይቦረቡር ይከላከላል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በክረምት የሚወጣውን ቡቃያ ቀቅለው ይበሉታል። ጥሬውን መብላት ግን ይጎዳል። የዶርዜ ሰዎች ደግሞ ረጅም ቤታቸውን በቀርከሃ ይሸምናሉ። ምስጥ የቤቱን ሥር ሲበላው፣ የተበላውን ቆርጠው ይጥሉና ቤቱ አጠር ብሎ ይቀጥላል። ሲያስፈልግም ቤቱን ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል።

አሁን ዋናውን ነገር እንይ። ቀርከሃ እንዴት ያድጋል? ከመሬት በታች የሚሄድ ግንድ አለው። በዝናብ ወራት ቡቃያው ከዚህ ግንድ ላይ ይወጣል። ቡቃያው ሲወጣ ውፍረቱን ይዞ ነው የሚወጣው። በጥቂት ወራት ውስጥ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይወፍርም፤ አይረዝምም። ነገር ግን ገና ለጋ ነው። ለመጠንከር 3 ዓመት ያህል ይፈልጋል።

ታዲያ ቁመቱን አይተን የ1 ዓመቱን ብንቆርጥ ምን ይሆናል? ሁለት ጉዳት ይደርሳል። አንደኛ፣ እንጨቱ ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ነቀዝም ቶሎ ይበላዋል። ሁለተኛ፣ አዲሱን ቡቃያ የሚመግበው የቆመው ዘንግና ቅጠሉ ነው። ለጋውን ከጨረስነው የሚቀጥለው ዓመት ቡቃያ ቀጭንና ጥቂት ይሆናል። በዚህ ዓይነት ለልጅ ልጅ የሚተርፍ የቀርከሃ ቦታ በጥቂት ዓመት ይጠፋል።

ዕድሜውን በዓይን መለየት ይቻላል። የ1 ዓመቱ ብሩህ አረንጓዴ ነው፤ ሽፋኑ ገና አልረገፈም፤ ከአንጓው በታች ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይታያል። 3 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ግን ሽፋኑ ረግፏል፤ መልኩ ደብዝዟል፤ በላዩ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር አብቅሏል። መቆረጥ ያለበት ይህ ነው።

ስንቆርጥ የሚከተለውን እናስታውስ፦

1. በክረምት አንቁረጥ፤ ቡቃያ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በበጋ እንቁረጥ።
2. ዳር ዳሩን ብቻ አንጨርስ። ወደ ውስጥ መግቢያ ከፍተን አሮጌውን እናውጣ።
3. መሬት አጠገብ ካለው አንጓ በላይ እንቁረጥ።
4. ቡቃያ በሚወጣበት ወቅት ከብት አናስገባ።
5. የተቆረጠውን ለጥቂት ሳምንት ውኃ ውስጥ ነክረን ጥላ ላይ እናድርቀው። ነቀዝ ይቀንስለታል።

አዲስ ለመትከልስ? የደጋው ቀርከሃ ዘር በቀላሉ ስለማይገኝ በሥሩ ይተከላል። ክረምት ሲገባ ከዳር ያለ የ1 ዓመት ዘንግ እንመርጣለን። ከመሬት በታች ካለው ግንድና ከሥሩ ጋር ቆፍረን እናወጣዋለን። ጫፉን ቆርጠን ጥቂት አንጓ እናስቀርለታለን። ከዚያም ብስባሽ በተጨመረበት ጉድጓድ ውስጥ እንተክለዋለን። በአንዱና በሌላው መካከል 5 ሜትር ያህል እንተዋለን፤ ቦታው እያደር ይሞላልና።

አንድ ነገር እንጨምር። ሽመል ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድነት ያብባል፤ ዘር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ይደርቃል። ይህን ያየ ሰው «በሽታ ገባበት» ብሎ መሬቱን አርሶ ሌላ ሊዘራበት ይችላል። ግን በሽታ አይደለም። የወደቀው ዘር ዝናብ ሲያገኝ ይበቅላል። ለዚህ ግን እሳትና ከብት እንዳይገቡበት አብረን መጠበቅ አለብን። አንድ ሰው ብቻውን ጫካ አይጠብቅም፤ መንደሩ ከተስማማ ግን ይጠበቃል።